ቃሬዛው ያልቆመበት ደጅ

በዚህ ነገር ውስጥ ያለነው ስድስት ነን። ስማችንን አልጽፍም፤ ሁላችንም በሕይወት አለን፣ ነገም በአንድ መንገድ ላይ እንተላለፋለን።

ፊተኛዋ ልጄ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ምሕንድስና ተምራ፣ አሁን ለሁለተኛ ዲግሪዋ የመመረቂያ ሥራዋን ይዛለች። ቀጥሎ መምህሯ፤ ጢሙ በቅጡ ያልሞላ፣ የአምባሰል ልጅ፣ ከውጫሌ ተነሥቶ ዶክተር የተባለ ሰው። ሦስተኛው የቅሬያችን፣ የመንደር ዕድራችን፣ ዳኛ ነው፤ እኩያዬ፣ አብሮ አደጌ፣ ገበሬ፣ ቀልዱ የማያልቅበት። አራተኛዋ ከዳኛው ቤት ጎን የሚኖሩት ባልቴት ናቸው፤ ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ቤታቸው ከትልቅ ዋርካ ሥር ናት፣ እኛ እትዬ እንላቸዋለን። አምስተኛዋ ባለቤቴ፤ ብዙ አትናገርም፣ የተናገረች ለታ ግን መሸሻ የለም። የመጨረሻው እኔ ነኝ። ሐይቅ ከተማ ከአስፋልቱ ዳር ሬዲዮና ስልክ እጠግናለሁ፤ ቤቴ ግን ወደ አርዲቦ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው መንደር ነው። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል አቋርጫለሁ። የማውቀውን ያወቅሁት ከተበላሸ ሬዲዮና ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላት ነው።

ልጄን የመበየጃ ካውያ አስይዤ ሽቦ ማጣበቅ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እግሯ ከወንበሩ ወደ መሬት ሳይደርስ ሱቄ ውስጥ ተቀምጣ፣ የተፈታ ሬዲዮ ፊቷ ዘርግታ፣ “አባባ ይህ ለምንድን ነው?” ትለኝ ነበር። የማውቀውን እነግራታለሁ። የማላውቀውን ደግሞ “ነገ እነግርሻለሁ” ብዬ ማታ መዝገበ ቃላቱን አገላብጣለሁ። ያ ጥያቄ የእኔ ነበር። ሰው ርስት አለኝ እንደሚል እኔ ያ ጥያቄ አለኝ እል ነበር።

ሁለተኛ ዲግሪዋን ከጀመረች ወዲህ ጥያቄው ቀረ። በእሱ ፋንታ “መምህር እንዳሉት” የሚል ነገር መጣ። ለበዓል ቤት ስትመጣ፣ ገበታ ላይ ተቀምጠን፣ መምህር እንዳሉት ባትሪ እንዲህ ነው፤ መምህር እንዳሉት አንቴና እንዲያ ነው። አንድ ቀን “አንቴናስ እኔም አውቃለሁ” አልኳት።

“ታውቃለህ አባባ” አለች፣ ለታመመ ሰው እንደሚባለው በለሰለሰ ድምፅ። ያ ልስላሴ ከስድብ የከፋ ሆኖ ተሰማኝ።

ሰው በሀብት ይቀናል፣ በመሬት ይቀናል፣ በሚስት ይቀናል፤ እነዚህ ሁሉ የታወቁ ኃጢአቶች ናቸው፣ ለእያንዳንዳቸው ተግሣጽ አላቸው። አባት በልጁ መምህር ሲቀና ምን ይባላል? እኔ ልጆቼን “የቀና አይበለጽግም” ብዬ ነው ያሳደግኳቸው። አሁንም አምንበታለሁ። ግን አምኜበትም ቀንቻለሁ፤ መዋሸት ደግሞ አልችልበትም።

ሥራዋን እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። ከአርዲቦ ዳር ጀምሮ ሽቅብ እስከ እኛ ቤት ድረስ በየሰዉ ማሳና ጣሪያ ላይ ትንንሽ ሳጥኖች ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ሳጥን የአፈሩን እርጥበት ይለካል፣ የታችኛው ደግሞ የሐይቁን ውሃ ከፍታ ይለካል። ሽቦ የላቸውም። አንዱ ለሌላው በሬዲዮ ይነግራል፣ ያም ለሚቀጥለው፤ እየተቀባበሉ የሁሉም ቃል እኛ ጣሪያ ላይ ካለው ሳጥን ይደርስና ከዚያ በስልክ መስመር ወደ ዩኒቨርሲቲው ይሄዳል። ምግባቸው ትንሽ ባትሪና እሱን የምትሞላ፣ መዳፍ የምታክል የፀሐይ መስታወት ናት።

“እያንዳንዱ ሳጥን ስግብግብ ነው ብለን እንነሣለን” አለችኝ። “ባትሪውን ይወዳል። የራሱ መልእክት እንዲደርስለት ይፈልጋል፣ የሌላውን መሸከም ግን አይፈልግም። ሁሉም እንዲህ ካሰበ የታችኛው ቃል የትም አይደርስም።”

“ስግብግብ ከሆነ ገሥጹታ።”

ሳቀች። “ሳጥን አይገሠጽም አባባ። ሕጉን እንዲህ አድርገን እናበጀዋለን፤ ለራሱ ብሎ የሚያደርገው ለሁሉም እንዲጠቅም። የሌላውን የተሸከመ ነጥብ ያገኛል፤ ነጥብ ያለው የራሱ መልእክት ይወሰድለታል። አንድ መልእክት ሲመጣ ጎረቤታሞቹ ሳጥኖች ይጠያየቃሉ፤ ባትሪው የጠገበው ይወስዳል፣ የደከመው ያርፋል። እንደ ገበጣ በለው። አንተ ጠጠር የምታነሣው የእኔን ጉድጓድ አይተህ ነው። መምህር የጨዋታ ቲዎሪ ነው ይሉታል።”

እስከ መጨረሻው ቃል ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሥራው የሚቆመው ግን በአንድ ነገር ነበር። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ዝናቡ ገብቶ እስኪወጣ፣ የሁሉም ሳጥን ቃል ሳይቋረጥ መድረስ አለበት። ፀሐይ በምትጠፋበት ወራት ሳጥኖቹ ባትሪያቸውን ተካፍለው መዝለቃቸውን ማሳየት ነው ሥራዋ። “ክረምቱ ከተቆረጠ የኔም ነገር ተቆረጠ” አለች። “ሌላ ክረምት መጠበቅ ነው።”

ሳጥን በሰው ቤት ለማስቀመጥ የሰው ፈቃድ ያስፈልጋል። በእኛ መንደር ደግሞ ፈቃድ የሚጠየቀው ቅሬው በተሰበሰበበት ነው። ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀብርበት፣ የታመመውን አንድ ላይ የሚሸከምበት ማኅበራችን ነው። በግንቦት መጨረሻ መምህሩ ራሱ መጣ። ንጹሕ ጫማ አድርጎ ነበር፤ ጭቃው ውስጥ ሳይሳቀቅ ገባበት። ይህም አናደደኝ፤ ቢሳቀቅ ኖሮ የምለው አላጣም ነበር።

“አባቴ፣ እንደምን ዋሉ” ብሎ ጎንበስ አለ።

“እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ” አልኩት። በልቤ አንተ፣ በአፌ እርስዎ። አባቴ ማለቱ አልተመቸኝም። እናቴ የአምባሰል ሰው ናት፤ ዘር ቢቆጠር ዘመዴ ሊሆን ይችላል። እኔም ትምህርቴን ባላቋርጥ ኖሮ፣ እያልኩ ነበር የተቀመጥኩት።

በዋርካው ሥር ተሰበሰብን። መምህሩ ሰሌዳ የሚያህል ወረቀት ዘርግቶ፣ ክብና መስመር እያሳየ፣ ስለ ኃይል ቁጠባ፣ ስለ መልእክት አቅጣጫ፣ ስለ ተጫዋቾች ውሳኔ ተናገረ። ጥሩ ተናጋሪ ነው። ሰዉ ጸጥ ብሎ ሰማ። ሲጨርስ ዳኛው ጉሮሮውን ጠረገ።

“ልጄ፣ ግሩም ነው። አሁን ደግሞ በአማርኛ ንገረን።”

ሰዉ ሳቀ። መምህሩም ሳቀ፤ በአማርኛ ነበርና የተናገረው። እኔ ያን ጊዜ ብድግ አልኩ። ማንም አልጠራኝም። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ።

“ይህ ነገር ቃሬዛ ነው” አልኩ። “ከታች አርዲቦ ዳር ሰው ታመመ በሉ። መኪና አይገባም። የዚያ ሰፈር ሰው ቃሬዛውን ይሸከምና እስከዚህ መንደር ያደርሳል። እኛ ተቀብለን እስከ አስፋልቱ እናደርሳለን። አንዱ ትከሻ ለሌላው ትከሻ ይሰጣል። ሳጥኖቹም እንዲያ ናቸው። የሚሸከሙት ሕመምተኛ ሳይሆን ቃል ነው። ቃሉ በደጅህ ሲያልፍ ሳጥንህ ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ ትላለች።”

ዋርካው ሥር ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ “ኧረ እንዲያ ነው?” አለ። ዳኛው እጁን አነሣ። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። እንዲህ ብትሉን ምን ነበር?”

ልጄ ከተቀመጠችበት ተነሣች። “አባባ፣ አንድ ነገር ልጨምር፤ ሁልጊዜ ሁሉም…”

“በቃ ልጄ፣ ገብቷቸዋል” አልኳት። መምህሩ በዚያ ቅጽበት እያየኝ ነበር። ተቀመጠች።

ስንለያይ መምህሩ እጄን ጨብጦ “ከእኔ የተሻለ አስረዱ፤ ቃሬዛውን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ” አለኝ። ሌላ ሰው ይህን ቢለኝ ዓመቱን ሙሉ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ስላለኝ ግን “የእኔን ነገር ደግሞ ወስዶ ሊያስተምርበት” እያልኩ አመሸሁ። ባለቤቴ ሽንኩርት እየላጠች ሰምታኝ፣ “ቅናት ባትሪ ቢሆን ኖሮ አንተ ለወሎ ሁሉ ታበራ ነበር” አለች።

ሳጥኖቹ በሰኔ መጀመሪያ ተተከሉ። መብራቷን ልጄ ያስገባቻት ሳጥኑ በሕይወት መኖሩን ከውጭ ለማየት ብላ ነው፤ የሌላውን መልእክት ሲቀበል ብቻ ብልጭ እንድትል። ከጣሪያዬ ሆኜ ማታ ማታ ቁልቁል ሳይ መንደሩ እንደ አብሪ ትል ብልጭ ድርግም ይላል። ልጄ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተመለሰች፤ የሚደርሰውን ቃል እዚያ ሆና ታነባለች። በየቀኑ ትደውልልኛለች፤ “አባባ፣ ሁሉም እየመጣ ነው” ትላለች። ያ ስልክ የእኔ ብቻ ነበር፤ ከመምህሩ በፊት ለእኔ ነው የምትነግረው ብዬ አምን ነበር። አልጠየቅኳትም። ብጠይቃት ትነግረኝ ነበርና።

በሐምሌ አጋማሽ እትዬ ወደ ሱቄ መጡ። ከመንደር እስከ ሐይቅ በባጃጅ ይመጣሉ እንጂ ለእኔ ብለው መጥተው አያውቁም። ቁጭ በሉ ብላቸው እምቢ አሉ።

“ወንድሜ፣ ልጅህ ምን በደልኳት?”

“ምን ሆኑ እትዬ?”

“ሁሉም ቤት መብራት ይበራል። የኔ ሳጥን ዓይኑን አልገለጠም። ጎረቤቴ ዳኛው ጋ ቀኑን ሙሉ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ሕፃናቱ ቁጭ ብለው ያዩታል። ሰው በደጄ ሲያልፍ ‘የእትዬ ሳጥን ሞቷል እንዴ’ ይላል። ወላሂ፣ ባሌ ሲኖር ቃሬዛ በዚህ ደጅ ዘልሎ አያልፍም ነበር። ከሞተም ወዲህ ትከሻ ባይኖረኝ ውሃ ይዤ እወጣለሁ፣ ቃሬዛው ደጄ ላይ ይቆማል። አሁን በእኔ ላይ ምን ተፈረደ?”

የእኛን አገር የማያውቅ ሰው ይህን ላይረዳው ይችላል። ቃሬዛ በደጁ አልፎ ያልተጠራ ሰው፣ ውሃው ያልተጠጣለት ቤት፣ ከቅሬ የወጣ ነው። ከቅሬ የወጣ ሲሞት የሚቀብረው የለም። እትዬ የመጡት ስለ መብራት አልነበረም፤ ስለ ቀብራቸው ነው።

ለልጄ ደወልኩ። “የእትዬ ሳጥን ደህና ነው” አለች። “የራሱን መልእክት በየቀኑ ይልካል። ዋርካው ስለሚያጠላበት ባትሪው ቶሎ አይጠግብም፤ ስለዚህ ጨዋታው ያሳርፈዋል፣ ሸክሙን የዳኛው ሳጥን ይወስደዋል። ማረፉ ለእሳቸው ጥቅም ነው። ያን ቀን ልል የነበረው ይህንን ነው። ንገርልኝ አባባ።”

እነግራቸዋለሁ አልኩ። ለእትዬ የነገርኳቸው ግን “ተራዎ ይመጣል” ብቻ ነው። የቀረውን ብናገር ቃሬዛዬ ጎደሎ ነበር ማለት ይሆናል። ዳኛው በቅሬው ፊት “ለካ ዶክተሩ ልክ ነበር” ይላል። መምህሩም ይሰማል። እትዬ አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ።

ተራቸውን አልጠበቁም። ዳኛውና ቤተሰቡ ለአረም ወደ ማሳ በወጡበት ቀን፣ በጠራራው፣ እርጥብ የማዳበሪያ ጆንያ ይዘው ሄደው የዳኛውን የፀሐይ መስታወት ሸፈኑት። ማንም አላያቸውም፤ ቢያያቸውም ባልቴት ጆንያ ስታሰጣ ምን ይላል። በማግሥቱ የዳኛው ሳጥን ደከመ። የሚመጣው መልእክት ጎረቤቱን ጠየቀ፣ የእትዬ ሳጥን ከዳኛው የተሻለ ባትሪ ነበረው፣ ተቀበለ። ከዋርካው ሥር ያችን ትንሽ ብልጭታ ሲያዩ እትዬ ወንበር አውጥተው ደጃቸው ላይ ተቀመጡ፤ ለሚያልፈው ሁሉ ውሃ አቀረቡ። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ ኋላ።

ዳኛው መብራቱ ሲጠፋበት ምን አደረገ? ጆንያውን አላየውም፤ ነፋስ አንሥቶት ሌላ ቦታ ጥሎታል። እትዬ ጋ መብራት ሲያይ ግን ደሙ ፈላ። ረጅም የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተክሎ ሳጥኑን ጫፉ ላይ ሰቀለው። ከፍታ ላይ ያለ ሳጥን ርቆ ይሰማል፤ ከታች የሚመጣውን ሁሉ አንድ ላይ ጠቀለለው። የታችኛው ሰፈር ሰው ይህን አይቶ እሱም ምሰሶ ተከለ። ከእሱ ጎን ያለው ደግሞ የጎረቤቱ የፀሐይ መስታወት ላይ ጭቃ ለጠፈ። እትዬ ሳጥናቸው ፀሐይ እንዲያገኝ ብለው የዋርካቸውን ቅርንጫፍ አስቆረጡ። ያ ዋርካ የባላቸው አባት የተከለው ነው፤ ጥላውን ሁላችንም ተቀምጠንበታል።

እኔ ከሱቄ ወደ ቤት ስመለስ በየቤቱ ምሰሶ ሲበዛ አየሁ። “ምን እየሆነ ነው?” ብዬ ዳኛውን ጠየቅሁት።

“አንተው ነህ የነገርከን። ቃሬዛ አይደል? ወንድ ልጅ ቃሬዛ ሲመጣ ከቤቱ አይደበቅም፣ ትከሻውን ከፍ ያደርጋል።”

ነገሩ ገባኝ። ሳጥኖቹ እርስ በርስ ከሚጫወቱት ጨዋታ በላይ ሰዎቹ ሌላ ጨዋታ ጀምረዋል። በሳጥኖቹ ሕግ ሸክም ዋጋ ያስከፍላል፣ እረፍት ትርፍ ነው። በሰዎቹ ሕግ ሸክም ክብር ነው፣ እረፍት ውርደት። ያን ሁለተኛውን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ዋርካው ሥር ቆሜ። ለልጄ ደውዬ መናገር ነበረብኝ። “ሰዉ ይበርድለታል” ብዬ ቆየሁ። ብደውል “መምህርን ልጠይቃቸው” እንደምትል አውቅ ነበር።

በነሐሴ ደመናው ሲወርድ ፀሐይ ለቀናት አልታየችም። ምሰሶ ላይ የተሰቀሉት ሳጥኖች ሁሉንም ሸክም ወስደው ነበርና ቀድመው ሞቱ። ጭቃ የተለጠፈባቸው ከመጀመሪያውም ደክመው ነበርና ወዲያው ተከተሏቸው። የአርዲቦው ሳጥን ብቻውን ቀረ፤ ይናገራል፣ የሚሰማው የለም። ልጄ ደወለች።

“አባባ፣ ከታች ምንም አይመጣም።”

ድምፅዋ ውስጥ ልስላሴ አልነበረም። ልጅ ሳለች፣ የፈታችው ሬዲዮ ሲገጠም አልሠራ ሲላት የምታወጣው ድምፅ ነበር። ተመልሳ የእኔ ልጅ መሰለችኝ። ያን የመሰለ ደስታ በዚያን ሰዓት መሰማቱ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ ይናገራል።

ከመምህሩ ጋር መጣች። በዝናብ ከሐይቅ በእግር ነው የመጡት፤ ባጃጁ ጭቃው ላይ ትቷቸው ተመለሰ። ባለቤቴ ለመምህሩ የእኔን ጋቢ ሰጠችው። ጋቢዬ በትከሻው ላይ አምሮበት ነበር።

ቤት ለቤት ዞርን። ምሰሶውን አየን፣ ጭቃውን አየን፣ የተቆረጠውን ዋርካ አየን። ልጄ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው በሄደች ቁጥር ቃሏ እያነሰ መጣ። እትዬ ደጅ ስንደርስ ዳኛውም ተከትሎን ነበር፤ ነፋስ ከእሱ አጥር ሥር የጣለውን ጆንያ አግኝቶ፣ የእትዬ መሆኑን ለይቶ፣ ነገሩን ጠርጥሯል።

“እትዬ፣ የኔን ፀሐይ የሸፈኑት እርስዎ ነዎት?”

“አንተስ የኔን ደጅ አልዘለልክም?”

“እኔ ምን አደረግሁ? ሳጥኑ ነው።”

“ሳጥኑ ያንተ ነው። ቅሬውም ያንተ ነው። ዳኛ ከሳጥኑ ይበልጣል ብዬ ነበር።”

“በባልቴት እጅ የደረሰብኝን ለማን እናገራለሁ” አለ ዳኛው፣ ሊያስቅ ፈልጎ። የሳቀለት የለም።

መምህሩ ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። ቢቆጣ መንደሩ ሁሉ ከእኔ ጋር ይሆን ነበር። እሱ ግን ከተቆረጠው ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጠና እትዬን፣ “እናቴ፣ ቃሬዛ ሲሸከሙ የደከመ ሰው ምን ይደረጋል?” ብሎ ጠየቃቸው።

እትዬ ገርሟቸው አዩት። “የደከመ ያርፋላ። ሐዘን የተቀመጠ ቤት፣ አራስ ያለችበት ቤት፣ ሽማግሌ ያለበት ቤት አይሸከምም።”

“እና አያፍሩም?”

“ለምን ያፍራሉ? ዳኛው ራሱ ቀድሞ ደጃቸው ድረስ ይሄድና ‘ትከሻችሁ ይረፍ’ ይላቸዋል። ያ ከመሸከም ይበልጣል። ታስበዋል ማለት ነው።”

 ይህን ሁላችንም ስናውቀው የኖርን ነገር ነው። እኔም አውቀዋለሁ፤ አባቴ በሞተ ጊዜ እኛ ደጅ ተብሏል። ዋርካው ሥር ቆሜ ቃሬዛ ስል ግን የሸክሙን ነግሬ የእረፍቱን ተውኩት፤ ልጄ ልትጨምረው ብድግ ስትል አስቀመጥኳት።

ልጄ አላየችኝም። ወደ ዳኛው ዞረች። “ጋሼ፣ የእትዬ ሳጥን ያረፈው ስለደከመ ነው። ያን ጊዜ ዋርካው ያጠላበት ስለነበር። የእርስዎ ሳጥን ሸክሙን ወስዶላቸው ነበር። ይህ ሁሉ የመጣው ይህን የነገራቸው ሰው ስላልነበረ ነው።”

ዳኛው ባርኔጣውን አወለቀ። ከአጥሩ ወጣ፣ እንደገና በበሩ ገባ፣ እንደ ሥርዓቱ ደጁ ላይ ቆመ። “እትዬ፣ ትከሻዎ ይረፍ።”

እትዬ ውሃ ሊያመጡ ገቡ። ሲወጡ መጀመሪያ የሰጡት ለእሱ ነው።

መብራቶቹን እናውጣቸው ያለችው ልጄ ናት። ሐሳቡ የመምህሩም የእኔም አልነበረም። በማግሥቱ ሳጥኖቹን ሰብስበን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋናቸው። እኔ ካውያውን ያዝኩ፣ መምህሩ ሳጥኑን ያዘልኝ። እጁ አይንቀጠቀጥም፤ ለዚህ ሥራ የተሠራ እጅ ነው። ጭሱ ዓይኑ ውስጥ ሲገባም አልለቀቀም። “አባቴ፣ ይህን የተማሩት ከማን ነው?” አለኝ።

“ከማንም።”

“እኔን ማን እንዳስተማረኝ ያውቃሉ? እሷ” ብሎ ወደ ልጄ አመለከተ። “እጄ ለካውያ አይሆንም ነበር። ‘አባባ እንደሚሉት እንዲህ ይያዛል’ እያለች ናት ያስተማረችኝ።”

እሷ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ተቀምጣ “አባባ እንደሚሉት” ስትል ነበር። እኔ ይህን ያህል ጊዜ በአንድ በር ቆሜ የሚወጣውን ስቆጥር፣ የሚገባውን አላየሁትም። ይህን ሰምቼ ቅናቱ የወጣልኝ ይመስላችሁ ይሆናል። አልወጣልኝም። ጥቂት ቆይቼ፣ ካውያ አያያዜን እንኳ ወስዶታል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ነው ይህ በሽታ፤ የሚፈውሰውንም ይበላዋል። ልጆቻችሁን በተግሣጽ አሳድጉ እላለሁ ሁልጊዜ። አሁን የምጨምረው፣ ገሣጩን ማን እንደሚገሥጸው አስቀድማችሁ አስቡ የሚለውን ነው።

ሳጥኖቹ በየቦታቸው ተመለሱ፣ ያለ መብራት። እስከ መስከረም ያለ እንከን ሠሩ። የእትዬም ሳጥን ዋርካው ከተቆረጠ ወዲህ እንደ ሌላው ይሸከማል፤ እሳቸው ግን መቼ እንደሚሸከም አያውቁም፣ አይጠይቁምም። የነሐሴው ቀዳዳ ግን አልተደፈነም። ዩኒቨርሲቲው ሙሉ ክረምት ይፈልጋል።

እንግዲህ ሒሳቡን ላሳርገው። ነገሩ እትዬን የዋርካቸውን ጥላ አስከፍሏቸዋል፤ ቅሬው አሁን የሚሰበሰበው ፀሐይ ላይ ነው። ዳኛውን ከእትዬ ደጅ ቁጭ ብሎ መቀለድን አስከፍሎታል፤ ውሃቸውን ይጠጣል፣ ቀልዱን ግን ገና አልመለሱለትም። ባለቤቴ የቀረውን ነሐሴ የልጄንና የእኔን ቃል እያቀባበለች በእኔና በስልኩ መካከል ተቀምጣ አሳለፈችው። መምህሩ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቦታ ሊሄድ ነበር፤ ተማሪዬን ትቼ አልሄድም ብሎ ቀረ፣ እናም በመጪው ሰኔ ጭቃውን ረግጦ ይመጣል፣ ጋቢዬንም ይለብሳል። ልጄ እኩዮቿ ሲመረቁ ቁጭ ብላ አጨበጨበች። እኔን ያስከፈለኝ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ልጄ አሁን አንድ ነገር ልትናገር ስትል፣ ላቋርጣት እንደሆነ አስቀድማ ፊቴን ታያለች። ያወጣናቸው መብራቶች ሱቄ ውስጥ በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ተቀምጠዋል።

የሁላችንም አንድ ላይ ሲደመር፣ አንድ ክረምት ነው።